ምስሉ ከመጣ በኋላ
በቤትና በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ስላለው የቴሌቪዥን ምስል አስተካከል የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ፕሮግራምን አይመለከትም። የትኛው ጣቢያ ይሻላል፣ የትኛው ድራማ ተንዛዛ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ የቀደመውን ነው፦ ሳሎናችን ውስጥ ያለው፣ የምግብ ቤቱና የባንኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የተላከለትን ምስል እንደተላከ ያሳየናል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አያሳየንም። ፊት ይሰፋል፤ የሜዳው ሣር ከልክ በላይ ያበራል፤ ነጭ ልብስ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ የዜናው ጽሑፍ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕቃው አልተበላሸም። ሪሞት ይዞ 10 ደቂቃ የሚቀመጥለት ሰው አጥቶ ነው።

«ምስል ታየ አይደል፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ታዳሚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእርሱ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ቴሌቪዥን በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ውዱ ነውና የከፈልንበትን ልናገኝ ይገባል። ሁለተኛው ይከብዳል፦ በተዛባ ስክሪን ላይ የሚጠፋው ውበት ብቻ ሳይሆን መረጃም ጭምር ነው። ይህን ወደ በኋላ በምሳሌ አሳያችኋለሁ።

ለሱቅ የተዘጋጀ ምስል

ነገሩ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። መርካቶም ሆነ ዱባይ፣ የቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ ብዙ ስክሪኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ይበራሉ። ከላይ የሱቁ መብራት አለ፤ በበሩ የቀን ብርሃን ይገባል። የሰው ዓይን እንዲህ ባለ ቦታ ሲያወዳድር መጀመሪያ የሚሳበው ወደ ደማቁ ስክሪን ነው፤ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ንጹሕ ይመስለዋል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ዕቃቸውን ለዚያ ውድድር ያዘጋጁታል። ሜኑው ውስጥ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ተብሎ የተቀመጠው የምስል ዓይነት ለዚህ የተሠራ ነው፤ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው የተለቀቀ፣ ቀለሙ የተጋነነ፣ ጠርዙ የተሳለ። ሱቅ ውስጥ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ማታ፣ አንድ አምፖል በበራበት ሳሎን ውስጥ ግን ዓይን ያደክማል።

አዲስ ቴሌቪዥን መጀመሪያ ሲከፈት ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለቤት ነው ለሱቅ?» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ገዢው «እስቲ ክፈተውና ልየው» ይላል፤ ልክም ነው፣ ሳያዩ መግዛት የለም። ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ ያበራዋል፤ ደንበኛ እየጠበቀው ስለሆነ የመጣለትን ሁሉ ኦኬ፣ ኦኬ እያለ ያልፋል። ቤት ሲገባ ጥያቄው ዳግመኛ አይመጣም። «ለሱቅ» ተብሎ ከታለፈማ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ ብርሃኑን ቢቀንስም ቴሌቪዥኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሱ ወደ ድምቀቱ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎም የራሱን ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። «ይሄ ዕቃ አልታዘዝ አለኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ቀጥሎ ዲሹ ይተከላል። ሁኔታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳህኑን ያዞራል፤ አንዱ በረንዳ ላይ ቆሞ ያቀባብላል፤ ልጅ ከሳሎን ይጮኻል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነካው! መጣ!» በዚህ ሥራው ያልቃል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ሪሲቨሩ በየትኛው ገመድ እንደተያያዘ፣ ምስሉን በምን ቅርጽ እንደሚልክ የሚጠይቅ የለም። ሻጩ ሸጧል፣ ዲሽ ሠሪው አምጥቷል፣ ቤተሰቡም ማየት ጀምሯል። ምስሉ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ማየት ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ክቡ ክብ ነው ወይ?

ከቅርጽ እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የስክሪኑ ወርድ 4 ከሆነ ቁመቱ 3 ነበር። ይህ ልክ ከፊልም የተወረሰ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የመረጠው ቅርጽ ነው። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ወቅት ቀለም ሲገባም ቅርጹ ያው ነበር። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ስክሪን ግን 16 በ9 ነው።

ስለዚህ ከማኅደር የወጣ የድሮ ሙዚቃ፣ የድሮ ቲያትር፣ የድሮ ኳስ ጨዋታ በዛሬው ስክሪን ላይ በትክክል ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር መሆን አለበት። ብዙ ሰው ጥቁሩን እንደ ጉድለት ያየውና «ለዚህ ሁሉ ኢንች ከፍዬ!» ብሎ ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ውጤቱን በቁጥር እንየው። 4 በ3 የነበረ ምስል ወደ 16 በ9 ሲለጠጥ ወርዱ በሢሶ ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ነገር ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቀጭኑ ድምፃዊ ይወፍራል፤ ረጅሙ በረኛ ያጥራል፤ ኳሷ ሞላላ ትሆናለች። አንዳንድ የቆዩ ዘፈኖችማ ኢንተርኔት ላይ የተጫኑት ከተለጠጡ በኋላ ነው፤ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ የአያቱን ዘመን ድምፃውያን የሚያውቃቸው እነርሱ ባልነበራቸው ፊት ነው።

«ዙም» የሚለውም መፍትሔ አይደለም። ወርዱን ሞልቶ ቅርጹን ሲጠብቅ የምስሉን ቁመት ሩብ ይቆርጣል፤ ከላይ የሰው ፀጉር፣ ከታች ጽሑፍ ይሄዳል።

በአናሎግ ዘመን ጣቢያዎች ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት የሙከራ ካርድ ያሳዩ ነበር። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራውና በብዙ አገር የታየው ካርድ መካከሉ ላይ ትልቅ ክብ ነበረው። ክቡ ክብ ካልሆነ ተመልካቹም ቴክኒሻኑም ወዲያው ያውቃል። ዛሬ ካርዱ ቢቀርም የመኪና ጎማ፣ የግድግዳ ሰዓትና የሜዳው መሐል ላይ የቆመች ኳስ ያንኑ ይነግሩናል።

ከቅርጽ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ባለ ቱቦዎቹ የድሮ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ጠርዝ እኩል አድርገው ማሳየት ስለማይችሉ ምስሉ ትንሽ ተለቅ ተደርጎ ጠርዙ ከክፈፉ ሥር ይደበቅ ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ይህ ችግር የለበትም፤ ልማዱ ግን ተወርሶ ብዙ ቴሌቪዥኖች ዛሬም ከአራቱም በኩል ጥቂት ጥቂት ይቆርጣሉ። ከታች የሚያልፈው የዜና ጽሑፍ እግሩ ተቆርጦ ከታያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ ደግሞ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን» የሚለው ምርጫ ሙሉውን ምስል ይመልሳል።

የበዓል ዋዜማ ፈተና

ወደ ብርሃንና ቀለም እንለፍ። ባለሙያዎች ለዚህ ውድ መለኪያ አላቸው። ለእኛ ግን የእንቁጣጣሽ ወይም የገና ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው። አስቡት፦ ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ከጠይም እስከ ቀይ ዳማ ያለ የሰው ፊት፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ። ቴሌቪዥን የሚፈተንበት ነገር ሁሉ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ተሰብስቧል።

መጀመሪያ ነጠላውን ተመልከቱ። እጥፋቱና የፈትሉ መስመር ይታያል? ወይስ ከትከሻ እስከ ክንድ አንድ ወጥ ነጭ ሆኗል? ወጥ ከሆነ «ኮንትራስት» በዝቷል። እጥፋቱ እስኪመለስ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ከዚያ ወደ ጥቁሩ ኮት ሂዱ። ኮሌታው ከደረቱ ይለያል? ካልተለየ «ብራይትነስ» አንሷል፤ ኮቱ ግራጫ ሆኖ ከታየ ደግሞ በዝቷል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ ማስተካከያ የሚነካው የምስሉን ጥቁር ወገን ነው። የስክሪኑን አጠቃላይ ብርሃን የሚወስነው «ባክላይት» ነው፤ እርሱን እንደ ክፍሉ አድርጉት፤ ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ። ባክላይትን ዝቅ ማድረግ ከዓይን ሌላም ጥቅም አለው። ቴሌቪዥን ጠጋኞች ዘንድ «ድምፁ አለ፣ ምስሉ ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣው ዕቃ ብዙው ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት ትንንሽ መብራቶች የተቃጠሉበት ነው። ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል የሚሠራ መብራት ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ይበዛል።

አሁንም ወደ ነጠላው ተመለሱ፤ ነጭነቱ የምን ነጭ ነው? የቴሌቪዥን ዓለም የተስማማበት ነጭ 6500 ኬልቪን አካባቢ ያለው፣ ከቀን ብርሃን ጋር የሚቀራረበው ነው። «ኩል» የሚባለው ምርጫ ከዚያ ብዙ ርቆ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በዚያ ነጭ ሥር የጠይም ሰው ፊት አመድማ ይሆናል፤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት የታመሙ ይመስላሉ። «ዋርም» የሚለውን ስትመርጡ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ይታያችኋል። አትመልሱት። ዓይን ነጭን የሚለካው በለመደው ነው፤ ጥቂት ቀን ታገሡና «ኩል» ወደሚለው ለአፍታ ብትመለሱ ስታዩት የኖራችሁት ሰማያዊ ራሱን ያጋልጣል።

ቀለሙ መብዛቱን የሚናገረው ፊትና ቄጠማ ነው። ፊቱ ብርቱካናማ ከሆነ፣ ቄጠማው ከራሱ ብርሃን የሚያወጣ ከመሰለ፣ «ከለር» የሚለውን ቀንሱ። በመጨረሻ «ሻርፕነስ» አለ። ብዙ ሰው ሲጨምረው ምስሉ የሚጠራ ይመስለዋል። ማስተካከያው ግን ያልተላከ ዝርዝር ከየትም አያመጣም፤ በነገሮች ጠርዝ ላይ መስመር ይስላል። ወደ ስክሪኑ ቀርባችሁ የጽሑፍ ፊደሎችን ብታዩ በጥቁሩ ፊደል ዙሪያ ነጭ ጥላ ታገኛላችሁ። ያ ጥላ እስኪጠፋ አውርዱት፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ትክክለኛው ቦታ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለመሄድ ጊዜ የሌለው ሰው አቋራጭ አለው። ከምስል ዓይነቶቹ መካከል «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ይምረጥ፤ ከዘረዘርኩት አብዛኛው በአንድ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ካሜራው ያላነሣው ምስል

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። እኛ አገር የምንጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ በ25 እና በ50 ይሄዳል። የዛሬ ስክሪኖች ግን በሰከንድ 50፣ 60፣ 100፣ 120 ጊዜ ምስል መቀየር ይችላሉ። አምራቾች ክፍተቱን ለመሙላት ቴሌቪዥኑ በሁለት ምስሎች መካከል የራሱን እየፈጠረ እንዲያስገባ ያደርጉታል። ሶኒ «ሞሽንፍሎው»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሳምሰንግ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ይለዋል። እነዚያን የመሐል ምስሎች ያነሣ ካሜራ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ገምቶ ያመጣቸው ናቸው።

ግምት ደግሞ ይስታል። ኳስ ስታዩ ልብ በሉ። የመስመር ተጫዋቹ በተመልካች ፊት ሲሮጥ በእግሮቹ ዙሪያ አየሩ የሚቀልጥ ይመስላል፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች ተጣመው ይመለሳሉ። ኳሷ ከተከላካዩ እግር ጀርባ ስታልፍ ለቅጽበት ጠፍታ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። ቤቱ ሙሉ «ነካው፣ አልነካውም» እያለ በሚከራከርበት ቅጽበት ስክሪኑ የሚያሳየው በከፊል የራሱን ፈጠራ ነው። የቀጥታ ጨዋታ ከመነሻውም በሰከንድ በ50 ስለሚሰራጭ ይህ ጭማሪ ብዙም አያስፈልገውም።

በፊልም ላይ ጉዳቱ ሌላ ነው፤ በብዙ ገንዘብና ጥበብ የተሠራ ፊልም በርካሽ ካሜራ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ድራማ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተዋናዩ ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክኳሪ አብረው ቆመው በቀረጹት አጭር ቪዲዮ ተመልካች ይህን ነገር እንዲያጠፋ ለምነዋል። በዓመቱ እነ ማርቲን ስኮርሴዚ፣ ክሪስቶፈር ኖላንና ራያን ኩግለር የደገፉት «ፊልምሜከር ሞድ» ይፋ ሆነ፤ ጭማሪውን ሁሉ አጥፍቶ ምስሉን ዳይሬክተሩ በጨረሰው ቅርጽ፣ ቀለምና ፍጥነት የሚያሳይ አንድ ቁልፍ ነው። ሰዎቹ እዚህ ድረስ የሄዱት ሥራቸው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ በየሳሎኑ ሲለወጥ ስላዩ ነው።

ባለቤት የሌለው ስክሪን

በቤት ውስጥ ያለው ስሕተት ቢያንስ ባለቤት አለው። በባንክ አዳራሽ፣ በሆስፒታል ተራ መጠበቂያ፣ በካፌና በረጅም ርቀት አውቶቡስ ያለው ግን የማንም አይደለም። ሪሞቱ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ባትሪው ወጥቶ ካሸሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። የሰቀለው ሰው ሄዷል። አስተናጋጁ እንዳይበላሽበት አይነካውም። ተስተናጋጁ «የሰው ዕቃ» ብሎ ዝም ይላል።

እዚህ ስሕተቶቹ ይደራረባሉ። ሪሲቨሩ 4 በ3 እንዲልክ እንደተዘጋጀ ይቀራል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ያንን ለጥጦ ይሞላዋል። በኤችዲ የሚያስተላልፍ ጣቢያ እያለ ሪሲቨሩና ባለ 55 ኢንቹ ስክሪን የተያያዙት በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ጫፍ ባለው በድሮው ኤቪ ገመድ ነው፤ ያ ገመድ ኤችዲ አያሳልፍም። ስክሪኑ ጣሪያ ሥር ቀጥ ብሎ ስለተሰቀለ ከታች የሚያየው ሰው ጥቁሩን ግራጫ አድርጎ ያየዋል፤ ወደ ፊት ትንሽ ቢዘነበል ይሻለው ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው መስኮት ሙሉ በሙሉ ላዩ ላይ ይንጸባረቃል።

መረጃ ይጠፋል ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። በሕዝብ ቦታ ያለ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ድምፁ ተዘግቷል ወይም በጫጫታ ተውጧል፤ ሰው የሚከታተለው በጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ያለው ከታች ጠርዝ ላይ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያለው ዜናም እንዲሁ ነው፤ አስተርጓሚው የሚቆመው ስክሪኑ ማዕዘን ላይ ነው። «ዙም» ላይ የተረሳ ቴሌቪዥን በትክክል እነዚህን ሁለት ቦታዎች ይቆርጣል። ለሚሰማ ሰው ትንሽ የምስል ጉድለት ናት። መስማት ለተሳነው ሰው ግን እጆቹ ከወገብ በታች ሲወርዱ የማይታዩ አስተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን አጋምሶ የሚሄድ ተናጋሪ ነው። ዜናው ለእርሱም ተሰናድቶ ተልኮ ነበር፤ የተቋረጠው መጨረሻው ሜትር ላይ ነው።

ጣዕምና ወሰን

«እኔ ደማቅ ነው የምወደው» የሚል ሰው መብቱ ነው። ሆኖም ባለሙያ የሠራችውን ወጥ ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ ሰው ጣዕሙን መረጠ አይባልም። መጀመሪያ የተላከውን እንደተላከ እንየው፤ ከዚያ ብንጨምርም ብንቀንስም ምርጫ ይሆናል።

ደግሞም ሁሉን በተመልካች ማሳበብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍሉን በሌሊት ጦርነት ሞልቶ ሲያሳይ ብዙ ሰው «ምንም አልታየንም» ብሎ አማረረ። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን በትክክል እንደማያስተካክል ተናገረ። እውነት አለው፤ ነገር ግን ጨለማ ምስል ለስርጭት ሲጨመቅ ራሱ ይበላሻል። ላኪውም የድርሻውን መውሰድ ነበረበት። እኛም ማወቅ ያለብን ሴቲንግ የተላከውን ሊያድን እንጂ ያልተላከውን ሊያመጣ እንደማይችል ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከቤተሰብ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። ዛሬ ማታ የምስል ዓይነቱን ከ«ቪቪድ» አውጡ፤ ቅርጹን 16 በ9 ወይም «ኦሪጅናል» ላይ አድርጉ፤ የእንቅስቃሴ ጭማሪውን አጥፉ፤ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ። ማስተካከያው ለእያንዳንዱ ግንኙነት ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል ለፍላሹም ለሪሲቨሩም መደረጉን አረጋግጡ።

ከሻጮች የምንጠይቀው፣ ዕቃውን ሞክረው ሲጨርሱ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሰው እንዲያሽጉት ነው፤ ያን ጊዜ «ለቤት ወይስ ለሱቅ?» የሚለው ጥያቄ ባለቤቱ ፊት ይመጣል። ከዲሽ ሠሪዎች፣ ከጣሪያ ወርደው አምስት ደቂቃ ሳሎን እንዲቀመጡ፤ ያቺ አምስት ደቂቃ በዋጋው ብትታሰብ የሚከፋው ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። ከባንኮች፣ ከሆስፒታሎችና ከሆቴሎች ደግሞ ስክሪኑ በስም የሚጠየቅበት አንድ ሠራተኛ። ብዙ ቴሌቪዥኖች «ሆቴል ሞድ» የሚባል አሠራር አላቸው፤ አንዴ በትክክል አስተካክሎ ለመቆለፍ ያስችላል፤ የጠፋ ሪሞት ከዚያ በኋላ ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ወደ «ቪቪድ» የሚመለስ ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ አይቶ መርጧልና። እስከ አሁን ግን በየሳሎኑና በየአዳራሹ የምናየው ምስል እኛም የላከልንም ሰው ያልመረጥነው፣ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ቀን ሽያጭ የተዘጋጀው ነው።